ዝኩኒ ያስተዋወቃቸው ሰዎች

ሰው ጓሮ አትክልት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሰው ለመሸሽ ነው። ስልኩን ቤት ትቶ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ከአፈር ጋር ብቻውን ሊውል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ችግሩ አይሳካም። እኔ ዛሬ ከማውቃቸው ሰዎች ብዙዎቹን የተዋወቅኩት በችግኝ፣ በፍግ ወይም በቀንድ አውጣ ሰበብ ነው። የአንዳንዶቹን ስም እንኳ በቅጡ አላውቅም። ባለ ዱባዋ፣ ባለ ብስባሹ፣ ካሮቱን የማያሳሳው ልጅ እያልኩ ነው የምጠራቸው። እነሱ እኔን ምን እንደሚሉኝ አልጠየቅኩም፤ ባልጠይቅም ይሻላል።

ስለ ጓሮ ሲወራ ስለ መንፈስ እርጋታ ብዙ ይባላል። ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ቫን ደን በርግ እና ኩስተርስ የተባሉ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ያወጡት አንድ ጥናት አለ። 30 አትክልተኞችን መጀመሪያ ሆን ብለው አስጨነቋቸው፤ ከዚያ ከፊሎቹ ለግማሽ ሰዓት አትክልታቸውን እንዲንከባከቡ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው እንዲያነቡ አደረጉ። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ወገን ወረደ፤ አፈር የነኩት ግን የበለጠ ወረደላቸው። ደስ ይላል። መቼም አጥር ላይ ተደግፎ «ኧረ እንደዚህ አይደለም የሚተከለው» የሚል ጎረቤት ጥናቱ ውስጥ አልገባም መሰለኝ።

እኔ እንደሚመስለኝ ጓሮ ሰውን ከሰው የሚያያይዘው በማረጋጋቱ ብቻ አይደለም፤ ስለሚያስቸግር ነው። ከሚበላው በላይ ይሰጣል። ሳይታሰብ ይታመማል። ጥዬው ልሂድ ሲሉት አያስኬድም። ብቻችሁን የማትችሉት ነገር ሲበዛ የሰው በር ማንኳኳት ይመጣል፤ ወይ የእናንተ በር ይንኳኳል።

ዝኩኒን እንውሰድ። ተክሎት የማያውቅ ሰው ግማሹ ይሞታል ብሎ አምስት ስድስት ዘር ይቀብራል። አንዱም አይሞትም። ሙቀትና ውሃ ካገኘ ፍሬው በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ይረዝማል። ጣት የምታክል ፍሬ ከዚያ ሰፊ ቅጠል ስር ተደብቃ ካመለጠቻችሁ፣ ከሳምንት በኋላ የምታገኟት ክንድ አክላ፣ ልጧ ጠንክሮ፣ ሆዷ ዘር ብቻ ሆኖ ነው። ታዲያ እዚያው ትቅር እንዳትሉ፤ ፍሬው እላዩ ላይ ከጎመራ ተክሉ ዘሬን ተክቻለሁ ብሎ ሥራ ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ብትበሉትም ባትበሉትም መቅጠፍ ግድ ነው። ቤተሰብ መጀመሪያ ሰሞን በደስታ ይበላል። ቀጥሎ ዝም ብሎ ይበላል። ከዚያ «ዛሬም?» ይላል። አሜሪካኖች ነገሩ ስላስመረራቸው በቀልድ ቀን ቆርጠውለታል፤ በየዓመቱ ኦገስት 8 ጎረቤት በረንዳ ላይ ዝኩኒ አስቀምጦ የመሰወር ቀን ነው።

ጋሼ የምላቸው ጎረቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሬን ያንኳኩት በዚሁ ጣጣ ነው። በሁለት እጃቸው ፌስታል አንጠልጥለዋል፤ ማንጠልጠያው በክብደቱ ተለጥጦ ሊበጠስ ደርሷል። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «እባክሽ የኔ ልጅ፣ ገላግዪኝ» አሉኝ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ከእግዜር ይስጥልኝ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። እዚህ ላይ የሚለምነው ሰጪው ነው፤ ውለታ የሚውለው ተቀባዩ። ሌላ ስጦታ ሲመጣ ምን ልመልስ የሚል ሒሳብ ይከተላል፤ ሰው በስጦታ የሚሳቀቀውም ለዚህ ነው። የተረፈ ዝኩኒ ግን ሒሳብ የለውም። ተቀብላችሁት ከሆነ ያገዛችሁት እናንተ ናችሁ።

ፌስታሉን ስመልስ ግን ባዶውን አልመለስኩትም። እኔ ጋ ሰላጣ ነበረኝ፤ እሳቸው ጋ ደጋግመው ቢዘሩም አልበቅል ብሎ ተስፋ ቆርጠዋል። እዚያው በር ላይ ቆመን ለምን አልበቀለም የሚለውን ስናወራ ጀንበር ገባች። ነገሩ ዘሩ ተበላሽቶ አልነበረም። የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ካለፈ ብዙው መብቀል ያቆማል፤ አሁን ብበቅል ፀሐይ ትፈጀኛለች ያለ ይመስል ይተኛል። የእሳቸው መደብ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። የእኔ ከሰዓት በኋላ የግድግዳ ጥላ ያርፍበታል። በመሀላችን ያለው አንድ አጥር ነው፤ የሰላጣው ነገር ግን የሰማይና የምድር ያህል ተለያየ። እንዲህ ያለውን ነገር የዘር ፓኬት ጀርባ አይነግራችሁም። ፓኬቱ የተጻፈው ለሁሉም ሰው ነው። የእናንተን ንፋስ፣ የእናንተን አፈር፣ ውርጩ የሚያርፍበትን ጥግ የሚያውቀው አጠገባችሁ የሚቆፍር ሰው ብቻ ነው፤ ለዚያውም ከከሸፈበት ነገር የምትማሩት ከተሳካለት ይበልጣል።

ዘርም ቢሆን ሲፈጥረው ለብቻ አይሆንም። አንድ የበሰለ ቲማቲም ውስጥ ከመቶ በላይ ዘር ሊኖር ይችላል፤ አንድ ቤት ስንት የቲማቲም ግንድ ሊችል ነው? አስቀምጬ ለሚመጡት ዓመታት እጠቀምበታለሁ ብትሉም እንደ ዘሩ ዓይነት ነው። የቲማቲም ዘር ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ አራት አምስት ዓመት ይቆያል። የሽንኩርት ዘር ግን ዓመት ካለፈው አትመኑት፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ብዙው አይበቅልም። ስለዚህ የሽንኩርት ዘር ፓኬት የከፈተ ሰው ከማካፈል ሌላ አማራጭ የለውም። ለግሶ አይደለም፤ እሱ ጋ ከሚሞት ሌላ ሰው ጋ ቢበቅል ይሻላል ብሎ ነው።

ዘር ለሰው የምትሰጡ ከሆነ ግን እንደ ነገሩ አትስጡ። ቲማቲም፣ ፎሶሊያ፣ አተርና ሰላጣ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ ልጁ እናቱን ይመስላል፤ ፓኬቱ ላይ ኤፍ ዋን የሚል ዲቃላ ካልሆነ በስተቀር። ዱባና ዝኩኒ ግን ሌላ ጉድ ናቸው። ንብ ከጎረቤት አበባ ወደ እናንተ አበባ እየተመላለሰች ታደባልቃቸዋለች፤ ዝኩኒና አንዳንድ የዱባ ዓይነቶች ዝርያቸው አንድ ስለሆነ ይዳቀላሉ። የዚህ ዓመት ፍሬ ምንም አይለወጥም። ጉዱ የሚወጣው ዘሩን በሚቀጥለው ዓመት የዘራው ሰው ጋ ነው፦ ዱባ ይሁን ዝኩኒ የማይለይ፣ እንደ ሐብሐብ የተዥጎረጎረ ነገር። ይሄ ያስቃል። የማያስቀው፣ ከእንዲህ ያለ ዘር የበቀለ ፍሬ ኩከርቢታሲን የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ሊኖረው መቻሉ ነው። ቀምሳችሁት ያልተለመደ ምሬት ካለው ትፉት፤ አብስላችሁም አታድኑትም፣ ምሬቱ በእሳት አይጠፋም።

የቲማቲሙን ዘር አወጣጥ ያሳየችኝ ባለ ዱባዋ ናት። ዘሩን ከነልፋጩ ብርጭቆ ውስጥ ትጨልፈዋለች፣ ትንሽ ውሃ ጠብ ታደርጋለች፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ትተወዋለች። አፉ ላይ ነጭ ሻጋታ ይይዛል። ይሸታል፤ ክፉኛ ይሸታል፣ እና ባሏ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ምን ሞተ እያለ ቤቱን እንደሚያስስ ስትነግረኝ በሳቅ ፈረስኩ። ልፋጩ ዘሩ እዚያው ፍሬው ውስጥ እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር ስላለው ነው መፍላት ያለበት። ከዚያ ውሃ ሲጨመርበት ጥሩው ዘር ይዘቅጣል፣ ገለባው ይንሳፈፋል። አጥቦ በሰሀን ማድረቅ ነው። ወረቀት ላይ ካደረቃችሁት ይጣበቅና አይላቀቅም፤ እሷ ግን ያንንም ትጠቀምበታለች፣ ዘሩን ከነወረቀቱ ቆርጣ ትሰጣለች፣ ከነወረቀቱ ይተከላል።

በዚህ ዓይነት የእጅ በእጅ ዝውውር ትልቅ ነገር ተጀምሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1975 ዳያን ኦት ዌሊ እና ኬንት ዌሊ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ሲድ ሴቨርስ ኤክስቼንጅ የተባለውን ዘር የሚጠብቅና የሚያለዋውጥ ድርጅት የመሠረቱት ከዳያን አያት በተቀበሉት ዘር ተነሥተው ነው። አንዱ የአበባ ሐረግ፣ አንዱ ሮዝ ቲማቲም፤ ቤተሰቡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርመን ባቫሪያ ሲሰደድ ይዟቸው የሄደ ናቸው። አያትየው ዘሩን ለልጅ ልጃቸው ባይሰጡ ኖሮ አብሯቸው ይቀበር ነበር። ባልና ሚስቱ እንደነሱ ያረጀ ዘር የያዙ ሰዎችን እያፈላለጉ በፖስታ አለዋወጡ፤ ዛሬ ስብስቡ ከ20 ሺህ ዝርያ በላይ ነው። እኔን ደስ የሚለኝ ቁጥሩ አይደለም፤ በፖስታ ዘር የተላላኩት ሰዎች ብዙዎቹ በአካል ተያይተው የማያውቁ መሆናቸው ነው።

አሁን ወደ በሽታው። ዋግ የሚባለውን ቲማቲም የተከለ ሁሉ ያውቀዋል፣ ካላወቀም አንድ ዓመት ያውቀዋል። ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ላለቀበት ረሃብ ምክንያት የሆነው ይኸው ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ዝናብ ሲደጋግም ይነሣል፣ ድንችንም ቲማቲምንም ይይዛል፣ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ዘሩን ንፋስ ተሸክሞት ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል። ጤነኛ የነበረ መደብ በሳምንት ውስጥ የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ሊያድር ይችላል። አጥር አያግደውም። ማለትም የእኔ ቲማቲም ጤና በእኔ እጅ ብቻ አይደለም፤ እናንተ ጋ በተረሳ አንድ ድንች፣ አንድ በታመመ ግንድ ላይም ነው።

አንድ ዝናባማ ሰሞን ማለዳ፣ ከታች በኩል የምትኖር በዓይን ብቻ የማውቃት ልጅ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። በላስቲክ ከረጢት አፉን ቋጥራ ቅጠል ይዛለች። «እህቴ፣ እኔ ጋ ገብቷል። የአንቺን ዛሬውኑ እዪው» አለችኝ። ቅጠሉን በላስቲኩ ውስጥ እያገላበጠች አሳየችኝ፦ ከላይ ውሃ የነካው የመሰለ ጥቁር ቡናማ ነጥብ፣ ዙሪያው ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ የሚያደላ፤ ከሥሩ ደግሞ ጤዛው ሳይደርቅ ካላዩት የማይታይ ነጭ ሽበት የመሰለ ነገር። ይቅርታ ልትጠይቅ የመጣች ይመስል አቀርቅራ ነበር የምታወራው። እኔ ጋ ሁለት ግንድ ተይዞ አገኘሁ። ነቅዬ፣ ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ ቋጥሬ አስወገድኩ፤ ከዚያ ሁለታችንም ተያይዘን ወደ ሌሎቹ ቤቶች ሄድን።

ይህን የማነሣው የሚያስከፍለውን ስለማውቅ ነው። የታመመ ነገር አለኝ ብሎ ሰው በር ላይ መቆም ያሳፍራል። አፍሮ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ቲማቲም አልባ ያደርጋል። እኔ በአትክልት ጓደኛ ዘንድ ከእጅ ሙያ በላይ የምፈልገው ይሄንን ነው፦ መጥፎ ወሬ ቶሎ የሚናገር ሰው። ቅጠሏን ቋጥራ የመጣችው ልጅ ዛሬ ከቅርብ ጓደኞቼ አንዷ ናት፤ ስለ ዋግ ማውራት ካቆምን ቆይተናል።

በነገራችን ላይ ጥቁር ነገር የታየበት ቲማቲም ሁሉ ዋግ አይደለም። የፍሬው ቂጥ ላይ ብቻ ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ ቆዳ የመሰለ ጥቁረት ካለ አይተላለፍም። ፍሬው ካልሲየም ስላልደረሰው ነው፤ ካልሲየሙ ያልደረሰውም ብዙ ጊዜ አፈሩ ውስጥ ጠፍቶ ሳይሆን ውሃው አንድ ቀን ጎርፎ አራት ቀን ስለደረቀ ነው። እኩል እኩል ማጠጣት፣ ጉዝጓዝ ማልበስ፣ አለቀ። ግንዱን አትንቀሉት።

ውሃ ካልን፣ ሰው ሲሄድ የሚያጠጣው ጉዳይ አለ። እዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። ጎረቤት ከልቡ ያጠጣል፣ አብዝቶ ያጠጣል፣ ስትመለሱ ቃሪያው በውሃ ሰክሮ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ቁልፉን ስትሰጡ አብራችሁ ጣት አፈር ውስጥ መክተትን አሳዩ፦ ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብቶ እርጥበት ከነካ የዚያን ቀን ውሃ የለም። ያጠጣ ሰው ይቅጠፍ የሚለውም መነገር አለበት። ይሉኝታ ይዞት ፎሶሊያውን ሳይቀጥፍ ከጠበቃችሁ ውለታ አልዋለላችሁም፤ እንደ ዝኩኒው እሱም ካልተለቀመ ማፍራት ያቆማል።

ሁሉም ማር ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የማይጠየቁትን የሚመክሩ አሉ። የእንቁላል ቅርፊት በትኚ ቀንድ አውጣ አይደርስብሽም ያለኝ ሰው አለ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ቅርፊቱን ተሻግረው ቆስጣዬን በልተው ተመለሱ። ጓሮ ገብቶ ዓይኑ መጀመሪያ አረሙ ላይ የሚያርፍ ሰውም አለ፣ አበባው ላይ አይደለም፣ አረሙ ላይ። ከሁሉም የምፈራው ግን ፈገግ ብሎ በእጁ ናና ይዞ የሚመጣውን ነው። ናና በስሩ እየሮጠ መሬት ለመሬት ይስፋፋል፤ ትንሽ ቁራጭ ከቀረች ትነሣለች። ናና የሰጣችሁን ሰው ስታስታውሱት ትኖራላችሁ። ተቀበሉ፣ ግን ማሰሮ ውስጥ ትከሉት።

ደግሞ ወቅት የሚባለው ነገር አለ። ቅዝቃዜው ሲገባ ወይም ድርቁ ሲጠና መደቡ ይራቆታል፣ እኛም እንጠፋፋለን። ወራት ሳንደዋወል እናልፋለን። ሌላ ቦታ እንዲህ ብትጠፉ ቅያሜ ይከተላል፤ ምን አስቀየምኳት ይባላል። እዚህ ግን «ጠፋሽ» ብሎ የሚያኮርፍ የለም፤ ምክንያቱም ሁሉም ያው ነው የጠፋው። ከዚያ አፈሩ ሞቅ ሲል፣ ችግኝ ማፍላት ሲጀመር፣ ስልኩ ይጮኻል። እንዴት ከረምሽ የሚባለው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ በመጀመሪያው «የቃሪያ ዘር በቅሎልሻል?» ነው። ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ ጓደኝነት መንከባከብ ላይ ሰነፍ ነኝ፤ ስልክ መደወል ይከብደኛል፣ ልደት እረሳለሁ። የቲማቲም ችግኝ ግን ጥላ ለምዶ ወደ ውጭ ከመተከሉ በፊት ሳምንት አሥር ቀን ፀሐይና ንፋስ ማላመድ እንዳለበት አልረሳም፤ በእነዚያ ቀናት የማን ችግኝ እንዴት ሆነ እያልኩ ሁሉንም ቤት እዞራለሁ። ወቅቱ ባይኖር በራሴ ተነሥቼ ማንንም አልጠይቅም ነበር።

ካሮቱን የማያሳሳው ልጅ እንዲህ ባለው ዙር ላይ ነው የተገኘው። ዘሩን ጥቅጥቅ አድርጎ ዘርቶ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሲበቅል አንዱንም ለመንቀል አንጀቱ አልችል አለ። «አሳዘኑኝ» ይላል። ሳይሳሳ የቀረ ካሮት ክር ሆኖ ይቀራል፤ ልጁ ክር ሲለቅም ሁለት ወቅት አለፈው። አሁን ተለዋውጠናል፦ እኔ የእሱን ካሮት ሄጄ አሳሳለሁ፣ እሱ የእኔን ብስባሽ ያገላብጥልኛል፤ እኔ ወገቤን ያመኛል፣ እሱ ጉልበት አለው። እሱ እየገለበጠ የሚነሣውን እንፋሎት ሲያይ የሚያሳየው ደስታ ለብቻው ያስቀናል። ክምሩ መሀሉ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ እንደሚችል ስነግረው አላመነኝም፤ እጁን ከቶ አመነ።

ከጋሼ ጋር ግን አንድ ያልተቋጨ ጉዳይ አለን። ቲማቲም ግንዱና ቅጠሉ በሚገናኙበት ብብት ላይ የሚወጣውን ቡቃያ እኔ እቆነጥራለሁ፣ እሳቸው አይነኩትም። እኔ አየር ይገባዋል፣ ፍሬው ትልልቅ ይሆናል፣ ቶሎ ይደርሳል እላለሁ። እሳቸው ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ተክሉ የሚያደርገውን ያውቃል ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም የያዝነው ነገር አለ፤ እያደገ የሚሄደው ሐረጋማው ዓይነት መቆንጠጡን ይወደዋል፣ አጭሩ ቁጥቋጦ ዓይነት ግን ከቆነጠሩት ምርቱን ነው የቆነጠሩት። ይህን ነግሬያቸዋለሁ። «የእኔ የትኛው ነው?» አሉኝ። ዘሩን የሰጧቸው ሰው ስላልነገሯቸው አያውቁትም። ስለዚህ ዘንድሮ ከዚያው ዘር ሁለት ችግኝ ጎን ለጎን ተክለን አንዱን እንቆነጥራለን፣ አንዱን እንተዋለን፣ ፍሬውን በሚዛን እንለያለን ብለን ተስማማን። ቦታውን ስንመርጥ ከሰዓቱን ሁሉ ፀሐይ የሚያገኘውን ጎን ለማይቆነጠረው ያዙት። አይሆንም ብዬ ክርክር ላይ ነን፤ ባለ ዱባዋ ዳኛ ትሁን ተብሏል፣ እሷ ደግሞ ለዳኝነቷ ግማሹን ምርት ትፈልጋለች።